ስለ ሰባት ቁጥር ኮምፒውተር እንድጠይቅ የታዘዝኩት ይቅርታ

ማክሰኞ፣ ግንቦት 12 ቀን።
(ሰባት ቁጥር ኮምፒውተር ዛሬ ይህ ቀን ነው ቢሉት አያምንም። ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።)

ለተከበሩ የማሠልጠኛችን የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊ፣
በማስታወቂያ ሰሌዳው በኩል

ክቡር ሆይ፣

እንደምን ሰነበቱ። ጤናዎ እንደ ደንብዎ የጸና ይሁን። ወገብዎን፣ ጉልበትዎን፣ በተለይም ማታ ማታ ዋናውን የኤሌክትሪክ ማብሪያ ቁልቁል የሚስበውን ቀኝ እጅዎን ፈጣሪ ይጠብቅልን፤ የዚህ ደብዳቤ ጉዳይ በአብዛኛው የእሱ ሥራ ነውና።

ለመናገር እያፈርኩ አንድ ነገር ላስቀድም። ይህን የምጽፈው ደፋር ስለሆንኩ አይደለም። ነገ ጠዋት፣ ከተግባር ፈተናው በፊት፣ በሠልጣኞች ሁሉ ፊት ወጥቼ «ሰባት ቁጥርን ያበላሸሁት እኔ ነኝ፣ ይቅርታ» እንድል አዘውኛል። ካላልኩ ፈተናው እንደሚያልፈኝና ቦታዬ ውጭ ተራ ለሚጠብቅ ሰው እንደሚሰጥ ነግረውኛል። እኔ ደግሞ ሰው ፊት ስቆም ምላሴ ይተሳሰራል፤ ስሜ ሲጠራ «አቤት» ለማለት እንኳ ትንፋሽ የምሰበስብ ልጅ ነኝ። ስለዚህ ያዘዙኝን ይቅርታ በጽሑፍ አደረግሁት። ትምህርቴ ስምንተኛ ክፍል ላይ የቆመ ስለሆነ ስህተት ቢያገኙበት፣ እንደ ወትሮው በእኔ ላይ ያድርጉት።

ሰሌዳውን የሚያነብ እንግዳ ግራ እንዳይገባው ጥቂት ላስረዳ። እኛ የምንሠለጥነው በኮምፒውተር ውስጥ በተሠራ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ነው፤ ቨርቹዋል ማሽን ይባላል። የሚዳሰስ አካል የለውም፤ ስክሪኑ ላይ ብቻ ይኖራል። እጃችን ጀማሪ ስለሆነ፣ ማበላሸታችን ካልቀረ እሱን እናበላሽና እውነተኛው ይትረፍ ተብሎ የታሰበልን ነው። ጠዋት መጀመሪያ እውነተኛውን እናስነሳለን፣ ቀጥሎ በሆዱ ያለውን። የሌሎቹ ሁሉ ይነሳል። በተራ ቁጥሬ የደረሰኝ ሰባት ቁጥር ግን ብዙውን ጊዜ እሱ ራሱ ይነሳና የውስጠኛው እምቢ ይላል፤ ጥቁር መስኮት ይከፍትና በባዕድ ቋንቋ ሁለት መስመር ነጭ ጽሑፍ ያስቀምጣል። ቦታ መለዋወጥ በደንብዎ ክልክል ነው። ስለዚህ እኔና ሰባት ቁጥር እንደ ተጋቡ ሰዎች ተቻችለን ከረምን።

አሁን ወደ ምስጋናዎቼ ልለፍ። እንዳይምታቱብኝ በቁጥር አድርጌያቸዋለሁ።

1ኛ. ስለ መቆም አመሰግናለሁ። በግድግዳው ላይ በቀይ ቀለም ያስጻፉት ደንብ «ማሽኑ ያልተነሳለት ሠልጣኝ ራሱ ይነሳ» ይላል። ወንበሩም ወደ ጥግ ይወሰዳል፤ ወንበር ለሚሠራ ሰው ነውና። በዚህ ደንብ ምክንያት ተቀምጬ ቢሆን የማላየውን ብዙ ነገር አየሁ። የሁሉንም አናት አየሁ፤ የማን ፀጉር ከመሃል እንደሚሳሳ ዐውቃለሁ። በመስኮቱ ማዶ ያለው ጎማ ጠጋኝ ከሥራው ቀና ባለ ቁጥር ዐይናችን ይጋጠም ነበር፤ ውሎ አድሮ እሱም ማፈር ጀመረ መሰለኝ፣ ጀርባውን ለመስኮቱ ሰጥቶ መሥራት ለመደ። ስምንት ቁጥር ላይ የምትቀመጠው፣ ድምጿ ከግቢው በር ስለሚሰማ «ማይክ» የምንላት ልጅ ደግሞ «ቋሚ ተጠሪ» የሚል ማዕረግ ሰጠችኝ። ጠዋት ጠዋት «ቋሚ ተጠሪ፣ ዛሬስ መንግሥትሽ ምን አለ?» ትለኛለች፤ ክፍሉ ይስቃል፤ እኔም አብሬ እስቃለሁ፤ ጆሮዬ ግን ይግላል። ቤት ስገባ ያሳደገችኝ አክስቴ እግሬን አይታ «ተቀምጦ የዋለ እግር እንዴት ያብጣል?» አለችኝ። ወንበሩ ከፍ ስለሚል ነው አልኳት። ክቡርነትዎ ለማሠልጠኛው ክብር ሲሉ ወንበሬን ጥግ ላይ እንደሚሰውሩት ሁሉ፣ እኔም የአቅሜን ሰወርኩ።

2ኛ. ስለ ፍጥነትዎ አመሰግናለሁ። ሌላ ሰው ቢሆን ጎንበስ ብሎ ሁለቱን መስመር አንብቦ ጊዜ ያጠፋ ነበር። እርስዎ ግን በር ላይ እንደቆሙ፣ መነጽርዎ ግንባርዎ ላይ እንዳለ፣ የኮምፒውተሩን ፊት ትተው የእኔን ፊት አነበቡ። ፊቴ ደግሞ ምን ጊዜም ጥፋተኛ ይመስላል፤ ሳላጠፋም ያፍራል። «ይቺ ልጅ አንድ ነገር ነካክታለች» አሉ። ነካክቻለሁ፤ አልክድም። አጥፍቼ አብርቻለሁ። ለውስጠኛው ማሽን ሜሞሪ ጨምሬለታለሁ፤ ጠግቦ ይሆናል ብዬ ደግሞ ቀንሼለታለሁ። ዲስኩን ነቅዬ መልሼለታለሁ፤ ያም ዲስክ እንደ ማሽኑ አካል የሌለው ነው። በመጨረሻ አሮጌውን ትቼ ከሥሩ አዲስ ማሽን ፈጠርኩ፤ አዲሱም እንደተፈጠረ ያንኑ ሁለት መስመር ተናገረ። አንዳንድ ጠዋት ደግሞ ምንም ሳልነካው ቀጥ ብሎ ይነሳል። እንዲህ ያለው ቀን ከሁሉም የባሰ ያሳፍረኝ ነበር፤ እንግዲያውስ ማሽኑ ጤነኛ ነው፣ በሽታው እኔ ነኝ እል ነበርና።

3ኛ. ስለ ወረቀቱ አመሰግናለሁ። ትናንት ክፍሉን ሲጎበኙ ቆሜ አገኙኝና «በሠልጣኝ ስህተት የተበላሸ» የሚል ወረቀት በሰባት ቁጥር ግንባር ላይ አስለጠፉ። ጽሑፉ ያምር ነበር። ከዚያ በእኔው ፊት ለአክስቴ ስልክ ደውለው «ልጅሽ የተቋሙን ንብረት ሰብራለች፣ ፈጥነሽ ነይ» አሏት። ሰብራለች የሚለው ቃል ኮሪደሩ ድረስ ተሰማ።

4ኛ. ይህ ስለ አክስቴ አመጣጥ ነው። ጀመርኩትና እጄ እምቢ አለኝ። ለጊዜው ልለፈው።

5ኛ. ስለ በሩ አመሰግናለሁ። ከአክስቴ ጋር ከቢሮዎ ወጥተን ስንሄድ በሩን ከኋላችን ስለዘጉት፣ እሷ ወደ ግቢው ቀድማኝ ሳለ አንድ የማሠልጠኛው ሠራተኛ ኮሪደሩ ላይ ሊያናግረኝ ድፍረት አገኘ። ማን እንደሆኑ አልጽፍም፤ አንድ ቃል ለመናገር ግራና ቀኝ ሲገላመጡ ስላየሁ አሳዘኑኝ። «አንቺ ልጅ፣ ምንም አላጠፋሽም» አሉኝ በሹክሹክታ። «የሰባት ቁጥር ባትሪው ሞቷል።» ኮምፒውተር ሆድ ውስጥ ሳንቲም የምታህል ባትሪ አለች። ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ሲያድር ቀኑንና መጀመሪያ የተሰጡትን ፈቃዶች የምትይዝለት እሷ ናት። ከፈቃዶቹ አንዱ «በውስጤ ሌላ ማሽን ይነሳ» የሚለው ነው። ባትሪዋ ብትሞትም ኤሌክትሪክ እስካለ ድረስ ይይዘዋል። ከዋናው ማብሪያ ሲቆረጥበት ግን ሁሉን ይረሳና ጠዋት እንደ አራስ ልጅ ሆኖ ይነቃል። ያ ነጭ ጽሑፍ የሚለውም ይህንኑ ነበር፤ ፈቃዱ ተዘግቷል፣ ክፈቱልኝ። የሌሎቹ ኮምፒውተሮች ባትሪ በሕይወት ስላለ ጨለማው አይጎዳቸውም።

ክቡርነትዎ «እኔ ያላጠፋሁት መብራት በዚህ ግቢ አያድርም» እያሉ በየምሽቱ በገዛ እጅዎ ማብሪያውን ሲያወርዱ፣ እኛ ቦርሳችንን ይዘን ቆመን በአድናቆት እናይዎ ነበር። ለካ እያንዳንዷ ምሽት ለሰባት ቁጥር የመርሳት፣ እያንዳንዷ ጠዋት ለእኔ የመነሳት ነበረች። አንዳንድ ቀን አንድ ደግ እጅ ቀድሞ ገብቶ ፈቃዱን ስለሚመልስለት ነው የሚነሳው። የማን እጅ እንደሆነ ቢጠይቁኝ ምላሴ እንደሚተሳሰር ከወዲሁ አስታውቃለሁ።

«ታዲያ ለምን አልነገሯቸውም?» አልኳቸው ያን ሰው። «ነግሬያቸዋለሁ። ኮምፒውተር በኤሌክትሪክ ነው የሚሠራው፣ የእጅ ባትሪ መሰለህ ወይ ብለው ሳቁብኝ» አሉኝ። «ደግመው ቢነግሯቸውስ?» «እሳቸውን ደግሞ የሚነግር ሰው እዚህ ቤት አልተቀጠረም።» ይህን ብለው ሄዱ፤ ሲሄዱም አንገታቸውን ደፍተው ነበር። ሳያቸው፣ በዚህ ግቢ የማፍረው እኔ ብቻ እንዳልሆንኩ ገባኝ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይባል የለ፤ ዳውላው እኔ ነበርኩ።

የቀኑን ነገር እመለስበታለሁ ብዬ ነበር። ሰባት ቁጥር ቀኑንም ስለሚረሳ፣ በየጠዋቱ ጥግ ላይ የሚያሳየው እኔ ከመወለዴ በፊት ያለ ዓመት ነው። ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ፤ ግን ይህም የእኔ ስህተት ይሆናል ብዬ ለማንም አልተናገርኩም። በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም ይላሉ፤ በእኔ አፍ ግን ተዘግቶም ጥፋት ገባበት። እንግዲህ ክቡርነትዎ ንብረቱ በእኔ መሰበሩን የሚያምኑ ከሆነ፣ የንብረቱ የራሱ ቃል ይህ ነው፤ በተሰበረበት ቀን እኔ ገና አልተወለድኩም።

አሁን አራተኛውን ልጻፍ። ካልጻፍኩት ሌላው ሁሉ ለቀልድ የጻፍኩት ይመስላል።

አክስቴ ኬክና ብስኩት ጋግራ ለሱቆች የምታስረክብ ሴት ናት። ስልክዎ ሲደርሳት ሁለት ትሪ ምድጃ ውስጥ ነበራት። «ሰብራለች» ስትሰማ ምድጃውን አጥፍታ መምጣት አልታወሳትም፤ ሽርጧን እንዳሸረጠች፣ ዱቄቱ እስከ ክርኗ እንደነጣ መጣች። ክፍሉን አቋርጣ ወደ ቢሮዎ ስታልፍ የሠልጣኞቹ ዐይን ሁሉ በዱቄቱ ላይ ነበር። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ አልኩ። ማፈሬ ከእሷ ይሁን ለእሷ ያን ጊዜ አልለየሁትም፤ አሁንም ስጽፈው አልለየሁትም።

ቢሮዎ ውስጥ ለእንግዳ የሚሆን አንድ ወንበር አለ። ካርቶን ተቀምጦበት ነበር። ካርቶኑ ማሽኑ የተነሳለት ነው መሰለኝ፣ አላስነሱትም። አክስቴ ቆመች። ከዚያ ጎንበስ አለች፤ ከምድጃዋ በቀር ምንም ነገር ሲያጎነብሳት አይቼ የማላውቀው ሴት። «ልጅ ናት ጌታዬ፣ እጇ ይፈጥናል፣ ዐይን አፋር ስለሆነች ጠይቃ አትነካም። እንደ ልጅዎ ይዩልኝ፣ እንዳያባርሩብኝ» አለችዎ። ክቡርነትዎም ከወረቀትዎ ቀና ሳይሉ «ረቡዕ ጠዋት በሰው ፊት ይቅርታ ትጠይቅ፣ ከዚያ ትፈተን» አሉ። አክስቴ አመሰገነችዎ። እኔ አጠገቧ ቆሜ የጫማዬን ማሰሪያ አይ ነበር። ያላጠፋሁትን ጥፋት ሰው ሲለምንልኝ አፌን መክፈት እንዳልቻልኩ የሚያውቅ ያ ማሰሪያ ብቻ ነው።

ወደ ቤት ስንሄድ አክስቴ ከኋላዬ ቀረት ብላ መሄድ ጀመረች። ቆሜ ብጠብቃት እሷም ቆመች። «አንቺ ቅደሚ፣ ዱቄቴ እንዳይነካሽ። ጓደኞችሽ ያያሉ» አለችኝ። ክቡር ሆይ፣ ያለ ወንበር ቆሜ በከረምኩበት ጊዜ ሁሉ ያፈርኩት ተሰብስቦ ይችን አንዲት ቃል አያህልም። ማፈሬን አይታዋለች ማለት ነው። ተመልሼ ክንዷን ያዝኩ፤ እጅጌዬ ነጣ። እንዲህ ሆነን ጥቂት ከሄድን በኋላ «እውነቱን ንገሪኝ፣ ሰብረሽዋል?» አለችኝ።

«አልሰበርኩም።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«አላውቅም እትዬ። እሳቸው ሲናገሩ እውነት ይመስለኛል።»

አክስቴ ይህን ሰምታ በሽርጧ ጫፍ እጅጌዬን ጠረገችልኝ። ከዚያ «ለእኔም እውነት መሰለኝ እኮ» አለች።

ቤት ስንደርስ ሁለቱም ትሪ ከስሎ ነበር። በቢላ እየፋቀች ሳለች እኔ የባትሪውን ነገር ነገርኳት፤ ያ ሰው የነገሩኝን፣ ማታ ማታ ስለሚወርደው ማብሪያ፣ ስለ ነጩ ጽሑፍ፣ ሳንቲም ስለምታህለዋ ባትሪ። ስጨርስ ቢላዋን አስቀመጠች። ዱቄት የምትመዝንባትን ትንሿን ሚዛን አንስታ ገለበጠችና ከሆዷ ባትሪ አወጣች። ሳንቲም ታህላለች። «ይቺን ትመስላለች?» አለችኝ። ትመስላለች አልኳት። «ውሰጂላቸው። የጎነበስኩትን ግን ይመልሱልኝ በያቸው።»

መልእክቷ ይህ ነው፤ ቃሏን ሳልቀንስ አድርሻለሁ። መጎንበስ በምን ዓይነት መንገድ እንደሚመለስ እኔ አላውቅም። ምናልባት ካርቶኑን ከወንበሩ ላይ በማንሳት ይጀመር ይሆናል።

የታዘዝኩትን ይቅርታ ረስቼ እንዳልቀር እነሆ። አክስቴን ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ ዝም በማለቴ። ሰባት ቁጥርን ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ በየጠዋቱ ያመመውን ሲነግረኝ፣ ማንበብ ስላልቻልኩ ደደብ ነው ብዬ በሆዴ ሰድቤዋለሁ። የጎማ ጠጋኙንም ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ ብርሃኑን ትቶ በጥላ እንዲሠራ አድርጌዋለሁ። ለክቡርነትዎ የሚሆን ይቅርታም ከልቤ ፈለግሁ። ትራሴ ሥር ሳይቀር ፈለግሁ። ከተገኘ በዚሁ ሰሌዳ ላይ አስታውቃለሁ።

ረጅም ዕድሜ፣ የማይረሳ ልቡና፣ ጎንበስ ለማለት የማያስቸግር ወገብ እየተመኘሁ፣ ይህንንም ደብዳቤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ወንበር ላይ ተቀምጬ የጻፍኩት መሆኑን በአክብሮት እየገለጽኩ፣

እጅ የምነሳ፣
የሰባት ቁጥር ሠልጣኝ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ባትሪዋን ከዚህ ወረቀት ግርጌ በፕላስተር ለጥፌያለሁ፤ ከአክስቴ የተላከች ናት። ሚዛኗ ሌላ እስክታገኝ ድረስ አክስቴ ዱቄቱን በግምት ትመዝናለች። ክቡርነትዎም ሰውን የሚመዝኑት በግምት ስለሆነ፣ ያስቸግራል ብለው እንዳይጨነቁ። እሷ ግን ገምታ ከተሳሳተች የሚበላሽባት የራሷ ኬክ ነው።

እኔም ነገ በማለዳ መጥቼ ይህን ከቀዩ ደንብ ሥር ባለው ሰሌዳ ላይ እለጥፋለሁ። ማይክ ጮክ ብላ እንደምታነበው ስለማውቅ የእኔ ድምፅ አያስፈልግም። ከዚያ ወንበሬን ከጥጉ አምጥቼ ሰባት ቁጥር ፊት እቀመጣለሁ። ማሽኑ ሊነሳ ይችላል፤ ላይነሳም ይችላል። እኔ ግን አልነሳም።